የመጨረሻዋ ምድጃ
ስለ ፋብሪካ ግንባታ ጨዋታዎችና ስለ እኩል ክፍፍል የቀረበ ሂስ

ሂስ የሚጻፍለት ሥራ ተውኔት፣ ግጥም፣ ልብ ወለድ ወይም ሥዕል መሆን አለበት የሚል የቆየ ልማድ አለን። ልማዱን የምንንቅ አይደለንም። ይሁን እንጂ ወጣቱ ከመጽሐፍና ከመድረክ ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚያጠፋበትን፣ ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነውም ብዙ ሰዓት የሚያስብበትን፣ አንድ ሰፊ የፈጠራ መስክ እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ከሐያሲ የሚጠበቅ አይሆንም። የኮምፒዩተር ጨዋታን ማለታችን ነው፤ ከዚያም ውስጥ ተጫዋቹ ማዕድን ቆፍሮ፣ ምድጃ ተክሎ፣ ማጓጓዣ ዘርግቶ ፋብሪካ የሚገነባበትን ወገን። መምህራን «ጊዜ ማባከኛ ነው» ሲሉ እንሰማለን፤ ምናልባትም እውነት አላቸው። በቋንቋችን ግን «ጨዋታ» ማለት ድብብቆሽና ልፊያ ብቻ ሳይሆን ወግም፣ ቁም ነገር የሚነሣበት ጭውውትም ነው። ቃሉን በዚህ በሁለተኛው ትርጉሙ ይዘን እንነሣለን። ጥያቄአችንም ይህ ነው፦ እነዚህ ጨዋታዎች ያለውን ለብዙዎች ስለማከፋፈል ምን ይነግሩናል? የሚነግሩንስ እውነት ነውን?

ከሁሉ አስቀድሞ ስሙ የሚነሣው «ፋክቶሪዮ» ነው። ሥራው የተጀመረው በ2012 እ.ኤ.አ. በቼክ አገር ሲሆን ጠንሳሹ ሚኻል ኮቫርዢክ የተባሉ የፕሮግራም ባለሙያ ናቸው። በ2013 ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ታግዞ፣ በ2016 ገና ሳያልቅ በሰፊው ለገበያ ቀርቦ፣ ተጠናቀቀ የተባለው በኦገስት ወር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ድርጅቱ «ውቤ ሶፍትዌር» ይባላል፤ መቀመጫው ፕራግ ነው። (ስሙ ለአዲስ አበባ ሰው ጆሮ የሠፈር ስም ይመስላል እንጂ ከእኛው ውቤ በረሃ ጋር ዝምድና የለውም።) ታሪኩ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም፦ አንድ መሐንዲስ መንኰራኩሩ ተሰብሮ በማያውቀው ፕላኔት ላይ ይወድቃል፤ በባዶ እጁ ጀምሮ ሮኬት እስኪያመጥቅ ድረስ ይሠራል። በተውኔት ጸሐፊ ዓይን ሲታይ የተወሳሰበ ሴራ የለውም፤ የሚናገር ገጸ ባሕርይም የለውም። ግጭት ግን አለው፤ ግጭቱም በሰውና በሰው መካከል ሳይሆን በሚገባውና በሚወጣው መካከል ነው።

የዚህ ግጭት መድረክ ማጓጓዣ ቀበቶው ነው። ቢጫው፣ ማለትም የመጀመሪያ ደረጃው ቀበቶ፣ በሁለት ረድፍ በሴኮንድ 15 ዕቃ ያሳልፋል፤ ቀዩ 30፣ ሰማያዊው 45። በቀበቶው ዳር ምድጃዎች ይደረደራሉ። በእያንዳንዷ ምድጃና በቀበቶው መካከል የቆመ ሜካኒካዊ ክንድ ማዕድኑን እያነሣ ያጎርሳታል። አንዲት የድንጋይ ምድጃ አንድ የብረት ላሜራ ለማውጣት 3.2 ሴኮንድ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ቢጫ ቀበቶ 48 ምድጃ ይመግባል። «ያጎርሳታል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ክንዱ ምድጃዋ ከምትበላው እጅግ አትርፎ አይሰጥም፤ ለጥቂት ጊዜ የሚበቃትን ካስያዛት በኋላ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ትንሽ ጠባይ በኋላ ለምንደርስበት ክርክር ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ እንዲይዝልን እንጠይቃለን።

ቀበቶው ለሁለት መለያየት ሲኖርበት «ስፕሊተር» የሚባለው ከፋይ ይገባል። ሥራው ቀላል ነው፦ አንዱን ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ፤ አንዱ መንገድ ከተዘጋ ሁሉንም ወደ ተከፈተው። ከሁለት በላይ መክፈል አያውቅም። ተጫዋቾች ከዚህ የዋህ ዕቃ ተነሥተው «ባላንሰር» የሚሉትን፣ እኛ አመጣጣኝ ብንለው የማያስከፋውን፣ የከፋዮች ጥልፍ ሠርተዋል። ጥልፍ ማለታችን ለማጋነን አይደለም። ከላይ ሲታይ አንዱ ቀበቶ በሌላው ሥር እየሾለከ፣ ግራው ከቀኝ እየተላለፈ፣ የቀሚስ ጥለት ይመስላል።

አራት ቀበቶ ገብቶ አራት የሚወጣበትን እንውሰድ። በአራት ከፋይ ይሠራል፤ ከየትኛውም መግቢያ የመጣ ዕቃ ለአራቱም መውጫ እኩል ይደርሳል። ፍጹም ይመስላል። ነገር ግን አንድ ከፋይ የሚጋሩ ሁለት መግቢያዎች ብቻ ሞልተው፣ እንዲሁ አንድ ከፋይ የሚጋሩ ሁለት መውጫዎች ብቻ ክፍት ቢሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ አንድ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የሁለት ቀበቶ ዕቃ በአንድ ቀበቶ ይጨናነቃል፤ ግማሹም ደጅ ይቀራል። እኩል አካፋይ የተባለው ጥልፍ፣ ሁሉም በሩን ከፍቶ ሲጠብቅ ብቻ ነው እኩል የሚያካፍለው። ይህን ለማረም ሌሎች ሁለት ከፋዮች ተጨምረው ስድስት ይሆናሉ። የስድስቱም አቀማመጥ ከጨዋታው በፊት የነበረ ዕውቀት ነው፤ በአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት የሂሳብ ሊቅ ቫትስላቭ ቤነሽ ለስልክ ልውውጥ ካጠኑት፣ ዛሬም በስማቸው ከሚጠራው መረብ ጋር አንድ ነው። ጥሪ ሳይጨናነቅ ከማንኛውም ደዋይ ወደ ማንኛውም ተቀባይ እንዲደርስ የታሰበው፣ ብረት ወደ ምድጃ ለማድረስ ዋለ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ይህን ጸሐፊ ያስደነቀው ግን ለሦስት የመክፈሉ ዘዴ ነው። ለሁለት ብቻ መክፈል የሚያውቅ መሣሪያ እንዴት አድርጎ ለሦስት እኩል ይከፍላል? መልሱ፦ ለአራት ይከፍልና አራተኛውን እጅ ወደ መግቢያው ይመልሳል። የተመለሰው ሩብ እንደገና ለአራት ይከፈላል፤ ከዚያም ሩቡ ይመለሳል። አንድ አራተኛ፣ ሲደመር አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ሲደመር አንድ ስድሳ አራተኛ እየተባለ ያለ ማቋረጥ ሲቀጥል ድምሩ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንማረው ደረቅ የነበረው የማያልቅ ድምር፣ እዚህ ዓይን እያየው በቀበቶ ላይ ይዞራል። ቅርጽና ይዘት አንድ ሆኑ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። ሌላ ማብራሪያ አያሻውም፤ ቀበቶው ራሱ ማብራሪያው ነው። በሂሳብ መምህርነት የተሰማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ እንደማይጸጸቱ እናምናለን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህ ሁሉ ጥልፍ ምን ይጠቅማል?

በ48ቱ ምድጃዎች ፊት የሚያልፈው ቀበቶ በሴኮንድ 15 መሆኑ ቀርቶ ግማሹ፣ 7.5 ብቻ ቢመጣ ምን ይሆናል? በተራ መስመር የተደረደሩ ከሆነ የፊተኞቹ 24 ያህሉ ጠግበው ይሠራሉ፤ የኋለኞቹ እሳታቸው ይጠፋል። በአመጣጣኝ ተከፋፍሎ ለሁሉም እኩል ቢደርስ ደግሞ 48ቱም በግማሽ ጉልበት ይሠራሉ። የሚወጣው ላሜራስ? በሁለቱም መንገድ በሴኮንድ 7.5 ነው። አንዲት ፍሬ እንኳ አትጨምርም፤ አትጎድልም። ቀበቶው ሙሉ ሲሆን ደግሞ የፊተኞቹ ከበቃቸው በላይ ስለማይወስዱ የተረፈው እያለፈ ለመጨረሻዋም ይደርሳል፤ አመጣጣኝ አያስፈልግም። በጥጋብ ዘመን እኩል ማካፈል ትርፍ ሥራ ነው፤ በችግር ዘመን ደግሞ ምርቱን አያበዛም። ይህ ሆኖ ሳለ ተጫዋቾች ለእኩልነት ሲሉ ሌሊቱን ያነጋሉ። ለምን?

ለዓይን ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ዓይን፣ ይልቁንም የሰው ዓይን፣ አንዱ እየበላ ሌላው ጾሙን ሲውል ማየት አይወድም፤ የሚጾመው ምድጃ ቢሆን እንኳ። ይህን ስሜት የሚያጣጥል ሰው ግጥም ሊጽፍ ይችላል ብዬ አላምንም። ስሜቱ ቅን ነው። ሆኖም ቅን ስሜት የተሳሳተ መሣሪያ ሊመርጥ እንደሚችል እኔ በገዛ ሥራዬ አይቼዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ዘጠኝ ገጸ ባሕርያት ያሉት አንድ ተውኔት ጽፌ ነበር። ተዋንያኑን ሁሉ አከብራቸው ስለነበር ማንም ቅር እንዳይለው ንግግሩን ለዘጠኙም በሚዛን አከፋፈልኩት። ይህ አራት ዓረፍተ ነገር ሲናገር ያኛውም አራት፤ ይህች ስታለቅስ ያችም ታለቅስ ዘንድ። ተውኔቱ በመድረክ ላይ ሞተ። አንድ ተመልካች ከአዳራሹ ሲወጣ «ማን ምን እንደቸገረው አልገባኝም» ሲል ሰማሁት። ትክክል ነበር። ችግሩን ለዘጠኝ እኩል ስለቆራረስኩት ማንም ላይ አልታይ አለ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የተዋንያኑ አልነበረም።

በጨዋታውም ያለው ይኸው ነው። ማዕድኑ ሲያንስ፣ በአመጣጣኝ የሚመገቡ ምድጃዎች ሁሉ በእኩል ያዘግማሉ። ሁሉም እሳት አላቸው፤ ሁሉም ይጨሳሉ፤ ተጫዋቹ በፊታቸው ሲያልፍ ደኅና ናቸው ብሎ ያልፋል። እጥረቱ የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ከሩቅ፣ ሌላ ነገር ሲጎድል ነው። በተራ መስመር ከሆነ ግን ገና አንድ እፍኝ እንደጎደለ የመጨረሻዋ ምድጃ እሳቷ ይጠፋል። እርሷ ምስክር ናት። ፋብሪካው ስለ ራሱ የሚናገረው በእርሷ አንደበት ነው። አመጣጣኙ እጥረቱን አያስወግደውም፤ ያሳሳዋል፣ አሳስቶም ይሸሽገዋል። እንዲህ ስንል የመጨረሻዋ ምድጃ መጾሟ ተገቢ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልን። መጾሟ ከታየ ማዕድን ይጨመራል፤ ካልታየ ግን ሁሉም እንዳዘገሙ ይኖራሉ።

ይህ ክርክር በይበልጥ የሚጠራው በሌላው ጨዋታ፣ በስዊድን አገር በ«ኮፊ ስቴይን ስቱዲዮስ» በተሠራው «ሳቲስፋክቶሪ» ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳያልቅ ወጥቶ በ2024 የተጠናቀቀ ነው። ተጫዋቹ ፋብሪካውን ከላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ በእግሩ እየተራመደ ያየዋል፤ በዚህም ከመድረክ ይልቅ ወደ ኪነ ሕንጻ ይቀርባል። እዚህ ከፋዩ ለሦስት መክፈል ይችላል፤ የመሣሪያው ጓዳም ሰፊ ነው። ተጫዋቾች በሁለት ወገን ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ለእያንዳንዱ መሣሪያ እኩል እጅ እየቆረሰ የሚያደርስ ዛፍ መሰል ጥልፍ ይሠራል። ሁለተኛው «ማኒፎልድ» በሚባለው ይገለገላል፦ አንድ ቀበቶ በመሣሪያዎቹ ፊት ይዘረጋና በየደጃፉ አንድ ከፋይ ይቀመጣል፤ የፊተኛው ግማሹን፣ ቀጣዩ የግማሹን ግማሽ እያለ ይወስዳል።

መጀመሪያ ሲታይ ማኒፎልድ ዓይን ያወጣ አድልዎ ነው። በደቂቃ 120 ማዕድን የሚያሳልፍ ቀበቶ፣ እያንዳንዳቸው በደቂቃ 30 የሚፈልጉ አራት ማቅለጫዎችን ሊመግብ ተዘርግቷል እንበል። በመነሻው የፊተኛው 60 ያገኛል፤ ሁለተኛው 30፤ ሦስተኛውና አራተኛው 15፣ 15። የፊተኛው የሚያስፈልገውን እጥፍ ሲያግበሰብስ የኋለኞቹ በግማሽ ሆድ ይሠራሉ። ነገር ግን እንጠብቅ። የፊተኛው ጓዳ ይሞላል፤ በሞላም ጊዜ ከ30 በላይ መቀበል አይችልም። 90 ያልፋል። ሁለተኛው 45 ያገኝና የእርሱም ጓዳ በተራው ይሞላል። 60 ያልፋል፤ ሦስተኛውና አራተኛው 30፣ 30 ይካፈላሉ። በደቂቃዎች ውስጥ፣ ማንም ሳያካፍል፣ ሁሉም በቂውን አገኘ።

በአንጻሩ የእኩልነት ወገን አምስት መሣሪያ ሲገጥመው የሚሆነውን እንይ። ለአምስት የሚከፍል ከፋይ ስለሌለ ለስድስት ይከፍልና ስድስተኛውን ወደ መግቢያው ይመልሳል። የተመለሰው ግን ከአዲሱ ጋር በአንድ ቀበቶ ላይ መጋፋት አለበት። በደቂቃ 60 በሚያሳልፍ ቀበቶ ላይ 10 የተመለሰው ይይዛል፤ አዲስ የሚገባው 50 ብቻ ይሆናል። ለእኩልነቱ ጥራት ሲባል ከስድስት አንድ እጅ አቅም ተከፈለ። ፈጣን ቀበቶ በዚያ ሥፍራ ማስገባት ችግሩን ያቃልለዋል፤ ፈጣኑ ቀበቶ ያለው ሰው ግን መጀመሪያውኑ አልተቸገረም ነበር።

እንግዲህ አንባቢ «ታዲያ ክፍፍሉን ለራሱ መተው ነው የምትለው?» ሊለን ይችላል። አይደለም። ማኒፎልድ የሚሠራው ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው፤ የፊተኛው ጓዳ ወሰን ሲኖረውና ከምንጩ የሚመጣው ለሁሉም የሚበቃ ሲሆን። ጓዳው ወሰን ባይኖረው ኖሮ የፊተኛው እስከ ዘለዓለም ባግበሰበሰ ነበር። የጨዋታው ጥበብ ያለው ከፋዩ ላይ ሳይሆን በጓዳው ግድግዳ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህንንም ተጫዋቾች ሲያመሰግኑት አልሰማሁም።

ደግሞም እኩልነት እውነተኛ ሥራ የሚሠራባቸው ቦታዎች አሉ። በፋክቶሪዮ አራት ፉርጎ ያለው ባቡር ማዕድን አምጥቶ ሲያራግፍ፣ እያንዳንዱ ፉርጎ የየራሱን ቀበቶ ቢመግብና አንዱ ቀበቶ ቀስ ብሎ ቢጎድል፣ ሦስቱ ፉርጎዎች ባዶ ሆነው ባቡሩ በአንዱ ምክንያት ይቆማል። ሌላው ባቡር ከኋላው ይቆማል፤ ከዚያም ሌላው። እዚህ አመጣጣኝ ግድ ነው። ምክንያቱም አራቱ ፉርጎዎች በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መሄድ አይችልም። ምድጃዎቹ ግን እንዲህ አልታሰሩም።

ከዚህም የሚከብድ አለ። እስካሁን የተናገርነው አንድ ዓይነት ነገር ስለሚሠሩ መሣሪያዎች ነው። አንዱ የብረት ቀበቶ በፊት ለኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት መሥሪያዎች፣ በኋላ ለአረብ ብረት ማቅለጫዎች የሚደርስ ቢሆንስ? ብረቱ ሲያንስ የመጀመሪያዎቹ ይወስዱታል፤ አረብ ብረት ከነጭራሹ ይጠፋል። እዚህ የቦታ ቅደም ተከተል ውሳኔ ሆኗል፤ ማንም ሳይወስነው የተወሰነ ውሳኔ። ጨዋታው በኋላ ለከፋዩ ቅድሚያ የመስጠት ችሎታ ጨምሮለታል፤ ተጫዋቹ «በፊት ለዚህ ይሙላ፣ የተረፈው ለዚያ» ማለት ይችላል። ይህ ይመስለናል ከሁሉ የበሰለው መሣሪያ። ማንን እንደሚያስቀድም ሰው በገዛ እጁ መምረጥና ምርጫውም በመሬት ላይ ተስሎ መታየት አለበት። እኩል መክፈል አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ምርጫ መሸሻ ነው።

አሁን ወደ ነቀፌታችን። እነዚህ ሥራዎች ፋብሪካን ያለ ሠራተኛ ያሳዩናል። በእውነተኛው ዓለም ሥራን በመስመር ላይ ማመጣጠን የሚባለው ጥበብ የተወለደው በሰው ትከሻ ላይ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. በፎርድ የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ተንቀሳቃሹ መስመር ሲዘረጋ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የመኪና አካል መገጣጠም ብዙም ሳይቆይ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። በዚያው ዓመት ግን ሠራተኛው ሥራውን እየጣለ ስለሄደ ልውውጡ 370 በመቶ ደረሰ፤ ኩባንያውም በጃንዋሪ 1914 የቀን ደመወዙን አምስት ዶላር ማድረጉን አስታወቀ። ቀበቶው የሰውን ልክ አለፈ፣ ሰውም መልስ ሰጠ። የፋክቶሪዮ ምድጃ መልስ አትሰጥም። ብትራብ ትጠፋለች፤ ብትጠግብ ታበራለች፤ ትታኝ ትሄዳለች የሚል ሥጋት የለም። መልስ የሚሰጡት በጭሱ የሚበከሉት የፕላኔቱ ፍጥረታት ብቻ ናቸው። ጭሱ ሲደርስባቸው ፋብሪካውን ይወጋሉ፤ ደራሲዎቹ ግን ፊትና ድምፅ ስለነፈጓቸው ተኩሶ ከመግደል በቀር ከእነርሱ ጋር የምንነጋገርበት መንገድ የለም። ስለ ክፍፍል እንዲህ በጥልቀት ያሰበ ሥራ፣ ከክፍፍሉ ውጭ ስለቀሩት ምንም አለማሰቡ ትልቁ ድካሙ ነው። ሚዛኑ ከአጥሩ ውስጥ ብቻ ነው የተያዘው።

ተጫዋቾቹንም ሳንወቅስ አንልፍ። ሁለቱም ጨዋታዎች የተሠራን ንድፍ ቀድቶ መትከልን ይፈቅዳሉ። ዛሬ አብዛኛው ወጣት ባለ አራቱን አመጣጣኝ ለምን ስድስት ከፋይ እንዳስፈለገው ሳይጠይቅ ከሌላ ሰው ወስዶ ይተክለዋል። ቤት መምቻውን ከሌላ ገጣሚ ተውሶ ስንኝ የሚደረድር ሰው እናውቃለን፤ ቤቱ ይመታል፣ ግጥሙ ግን አይኖርም። በአንጻሩ መጣፊያው የበዛ፣ ጠማማ፣ ግን በራስ አእምሮ የተደረሰበት ክፍፍል አይቻለሁ፤ ያየሁትም በእኅቴ ልጅ ፋብሪካ ነው።

ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት አጠገቡ ተቀምጬ አንድ እሑድ ሙሉ ስመለከት ዋልኩ። በምድጃዎቹ መግቢያ ላይ የነበረውን ትልቅ አመጣጣኝ አፍርሶ ለባቡሩ ማራገፊያ ብቻ አንድ አስቀርቷል።

«ለምን አፈረስከው? ያምር ነበር እኮ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እሱ እያለ ማዕድኑ ማለቁን የማውቀው ሮኬቱ ሲቆም ነበር» አለኝና የመስመሩን ጫፍ አሳየኝ። «አሁን ያቺን አያታለሁ።»

የአርባ ስምንተኛዋ ምድጃ እሳት ጠፍቶ ነበር። ልጁ ተነሥቶ አዲስ ማዕድን ፍለጋ ወደ ሰሜን ሄደ።